የጠበቀ

በኦፕዳል ከተማ፣ በረዶ ሳይጥል፣ ጥቅምት ሲጋመስ፣
የትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ይሸታል፤ ጎማ፣ ሰም፣ እርጥብ ልብስ።
ልጅ ያደገበት፣ ጉልበቱ የከዳው፣
ሥራ ለውጦ ወደ ደቡብ የሚወርደው፣
አሮጌ ስኪውን ታቅፎ ይሰለፋል፤
ቶርጌር ሳይነካው አይሸጥም፤ ደንቡ እንዲህ ይላል።
ቶርጌር እኔ ነኝ። ጠረጴዛዬ ከቅርጫቱ ሥር ነው፣
መነጽሬ ሁለት፣ ካቻቪቴዬ አንድ፣ እሱም እጀታው የተቃጠለው።

"ኤስኪል፣ ና ያዝልኝ።" የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ።
"ቀለሙን ተወው፤ ቀለም ምን ያውቃል ስለ ውስጥ አንጀቱ?
አፍንጫውን ያዝና ግራና ቀኝ ነቅንቅ፣
የታመመ ጥርስ እንደሚነካ ሰው፤ ቀስ በል፣ አትተናነቅ።
በመጠኑ መወዝወዙ አሠራሩ ነው፤
ቀጭ ካለ ግን፣ ድምፁም ከሥር ከመጣ፣ ብሎኑ ነው።
ተረከዙን ወደ ላይ ሳብ። ፀጉር የሚያሳልፍ
ክፍተት ካየህ፣ ወደ ቀዩ ሣጥን፤ ሳትከራከር እለፍ።
ፍሬኑን ተጫንና ልቀቅ፤ ዘሎ ካልተመለሰ
ሞላው፣ ስሙ ሞላ ቢሆንም፣ ጎድሏል፤ ጉልበቱ አነሰ።
ፕላስቲኩን በጥፍርህ ፋቅ፤ ፀሐይ የበላው ይነጣል፤
የነጣ ነገር ደግሞ
በሚያስፈልግበት ቀን ይሰነጠቃል።"

"እሺ" ይላል፤ ጆሮው ሌላ ቦታ ነው። ጣቶቹ ግን ይሰማሉ፤
ሦስት ጥንድ ለየልኝ፤ ሦስቱም በእርግጥ ይላላሉ።

ከቀትር በኋላ ራግንፍሪድ መጣች፤
ሰማያዊ ጥንድ ስኪ ፊቴ ዘረጋች።
የባሏ ነበር። አላለቀሰችም፤ ባሏም አልሞተም፤
ስታቫንገር ነው፣ ከሌላ ሴት ጋር፤ እዚያ በረዶ እምብዛም የለም።
"ሃያ ሁለት ዓመት" አለች፣ "አንድ ቀን እንኳን አልለቀቀውም፤
ተንከባሎ፣ ዛፍ መትቶ፣ ጉልበቱ ዞሮ፣ አልለቀቀውም!
እንዲህ ያለ ማሰሪያ ዛሬ የት ይገኛል?"
ወረቀቱ ላይ ስምንት መቶ ክሮነር ይላል።

አፍንጫውን ያዝኩ፤ ምንም። ተረከዙን ሳብኩ፤ ምንም።
ከስኪው ጋር የተወለደ ይመስል፣ ፍንክች አይልም።
የኤስኪል ፊት በራ። "ጠብቋል!" አለኝ፣
ወደ አረንጓዴው ሣጥን ሊወስደው እጁን ዘረጋልኝ።
"ቆይ።"
የሙከራ ጫማ አስገብቼ ጠመዘዝኩት በሙሉ ክንዴ፤
እስከ ታችኛው ቁጥር አላልቼ ደገምኩት፤ አልለቀቀም አንዴ።
ግራሱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እዚያ፣ ከቁጥሩ መስኮት ዳር፣
ከሁሉ በላይኛው መስመር ላይ፣ ቀይ ነጥብ ነበር።
የጥፍር ቀለም። የሚስቴ። ያኔ ሱቅ ሳለኝ
ያጠበቅኩትን ሁሉ በእሱ ነበር የምፈርመው። ወዲያው ትዝ አለኝ፤
"አጥብቀው" ብሎ ነበር ባሏ፣ "ቁልቁለት ላይ እንዳይጥለኝ።"
ልኩን ነገርኩት፤ ሳቀ። ደንበኛ ነው። አጠበቅኩ፤ ከፈለኝ።

ጠብቋል፤ ግን አልጠበቀውም።
ይህን ለኤስኪል እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም።
የላላውን ሁሉም ይፈራዋል፤ ይንቀጫቀጫል፣ ይናገራል፤
ከልኩ ያለፈ የጠበቀ ግን ዝም ይላል፣
እስከዚያች አንዲት ውድቀት ድረስ።

"ጉልበቱ መቼ ነበር?"
"በሦስተኛው ክረምት። ሁለቴ ቀደዱት።"
"ያጠበቅኩት እኔ ነኝ።"
ወደ ቀዩ ነጥብ ጎንበስ ብላ ቆየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፦
"ስኪው ባይለቀውም እኔ ለቅቄዋለሁ፤ አታስብ፣ ቶርጌር።"
ሳቋ ግን እስከ ዓይኗ አልደረሰም ነበር።

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ስምንት መቶውን ሰረዘች፤
ባዶውን ስኪ፣ ለአጥር ይሆናል ብላ፣ መልሳ ታቀፈች።
ማሰሪያውን በመዶሻ መታሁት፤
ማንም ከቆሻሻ እንዳያነሳው።

ኤስኪል ቀጣዩን ጥንድ ይዞ ነቀነቀ። "ትንሽ ይላላል።"
"ስንት?"
"እንጃ። የፀጉር ያህል።"
ጆሮዬን አስጠጋሁ።